አካል ጉዳት ያለበት ልጅ በአሜሪካ ኮሌጅ ወይም ሙያ ትምህርት ቤት ሲገባ፦ ገንዘቡ የት ነው፣ በየትኛውስ በር ይገባል?

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የወገኖቼን ፎርም ስሞላ አንድ ነገር ደጋግሞ ያጋጥመኛል። እናት ስልኳን ታወጣና ከኢንተርኔት የሰበሰበችውን የስኮላርሺፕ ዝርዝር ታሳየኛለች። አርባ ወይም ሃምሳ ስም አለበት። አንዱ አምስት መቶ ዶላር ይሰጣል፣ ሌላው ሺህ። ለእያንዳንዱ ድርሰት ይጻፋል፣ ለእያንዳንዱ የመምህር ደብዳቤ ይለመናል። "ከየትኛው ልጀምር?" ትለኛለች። እኔም "የስቴቱን የቮኬሽናል ሪሃቢሊቴሽን ቢሮ አነጋግራችኋል ወይ?" እላታለሁ። አካል ጉዳተኞችን ለሥራ የሚያበቃ የመንግሥት ቢሮ ነው፤ አብዛኞቹ ስሙን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነው።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ለአካል ጉዳተኛ ተማሪ ትልቁ ገንዘብ "ስኮላርሺፕ" በሚለው ስም አይመጣም። የሚመጣው ከስቴቱ ቢሮና ከፌዴራል የትምህርት እርዳታ ነው፤ የግል ስኮላርሺፕ ከዚያ በኋላ ቀዳዳ መድፈኛ ነው። ቅደም ተከተሉን ያዛባ ቤተሰብ ብዙ ያጣል። ምሳሌዎቼ ከዋሽንግተን ዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ናቸው፤ ዋናው ሕግ ፌዴራል ስለሆነ ግን ሲያትል፣ ዳላስ ወይም ሚኒያፖሊስ ላላችሁም መንገዱ ያው ነው። የሚለየው የቢሮው ስም ነው።

1. ጉዳቱን በስሙ ጥሩት

አንድ አባት "ልጄ አካል ጉዳተኛ አይደለም፣ ትንሽ ይዘገያል እንጂ" ብሎኝ ያውቃል። ከፍቅር የመጣ ቃል ነው፤ ሰው ምን ይለዋል ብሎ የተጨነቀ አባት ቃል ነው። ሆኖም በአሜሪካ ሕግ አካል ጉዳት ማለት ዊልቼርና ነጭ በትር ብቻ አይደለም። የማንበብ ችግር፣ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማሰባሰብ ችግር)፣ ኦቲዝም፣ የሚጥል በሽታ፣ የቆየ ከባድ ድብርት፣ ሲክል ሴል፣ እነዚህ ሁሉ እንደ ክብደታቸው ሊካተቱ ይችላሉ። ከዚህ በታች ከምዘረዝራቸው በሮች አብዛኞቹ የሚከፈቱት ጉዳቱ በወረቀት ላይ በስሙ ሲጻፍ ነው።

ልጁ ራሱም መናገር መልመድ አለበት። ሃይስኩል ውስጥ ትምህርት ቤቱ ልጁን ፈልጎ የመርዳት ግዴታ ነበረበት፤ ኮሌጅ ሲገባ ያ ግዴታ ያበቃል። ተማሪው ራሱ ሄዶ "ይህ ጉዳት አለብኝ፣ ይህ እገዛ ያስፈልገኛል" ካላለ ማንም አይጠይቀውም። ሀበን ግርማን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ፤ ወላጆቿ ከኤርትራና ከኢትዮጵያ የመጡ፣ በ2013 ከሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት የተመረቀች፣ ማየትም መስማትም ከተሳናቸው ሰዎች የመጀመሪያዋ ተመራቂ ናት። የሚያስፈልጋትን በአደባባይ እየጠየቀች የተማረች ሴት ናት። ልጆቻችሁ ንግግሯን እንዲሰሙ አድርጉ።

2. ወረቀቱን በአንድ ማኅደር ሰብስቡ

ቢቻል ከ10ኛ ክፍል ጀምሩ። የሚያስፈልገው የመጨረሻው አይኢፒ (ትምህርት ቤቱ ለልጁ ያዘጋጀው የልዩ ትምህርት ዕቅድ) ወይም የ504 ፕላን (በክፍል ውስጥ የሚደረግለት ማመቻቻ የተጻፈበት)፣ የትምህርት ቤቱ የሥነ ልቦናና የትምህርት ምርመራ ውጤት፣ የሐኪም ደብዳቤ፣ የኤስኤስአይ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ አካል ጉዳተኛ የሚሰጥ ወርሃዊ የፌዴራል ድጎማ) ደብዳቤ ካለ እሱ፣ ግሪን ካርድ ወይም የስደተኝነት ማስረጃ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድና የወላጅ የታክስ ወረቀት ነው።

ሦስት ነገሮች ላይ አደራ እላለሁ። የመጀመሪያው የምርመራው ዕድሜ ነው፤ ብዙ ኮሌጆች፣ በተለይ ለመማር ችግርና ለኤዲኤችዲ፣ ከሦስት ዓመት ያልበለጠ ምርመራ ይፈልጋሉ። ልጁ ሃይስኩል እያለ ትምህርት ቤቱ በነጻ ሊመረምረው ይችላል፤ ከተመረቀ በኋላ በግል ማስመርመር እጅግ ውድ ነው። ሁለተኛ፣ አይኢፒ ያለው ተማሪ ሲመረቅ ትምህርት ቤቱ ሰመሪ ኦፍ ፐርፎርማንስ የሚባል ማጠቃለያ ሰነድ የመስጠት ግዴታ አለበት። ሳትቀበሉ አትውጡ። ሦስተኛውና ከባዱ ዲፕሎማው ራሱ ነው። አይኢፒ ያለው ልጅ እንደየስቴቱ እስከ 21 ወይም 22 ዓመቱ ድረስ በነጻ የመማር መብት አለው፤ መደበኛውን ዲፕሎማ በተቀበለበት ቀን ግን ይህ መብት ያበቃል። የምረቃ ፎቶው ቢያጓጓም፣ ልጁ ተጨማሪ የሥራ ልምምድ ወይም የራስ መቻል ትምህርት የሚያስፈልገው ከሆነ ስብሰባው ላይ ይህን አንሡ። ዲፕሎማ ሳይሆን "ሰርተፊኬት" ከተሰጠው ደግሞ አስቀድማችሁ እወቁ፤ የፌዴራል እርዳታ በመሠረቱ ዲፕሎማ ወይም ጂኢዲ (የሃይስኩል አቻ ፈተና) ይጠይቃል። ለዚህ አንድ ልዩ መንገድ አለ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የሕክምና ማስረጃው ከኢትዮጵያ የመጣ ከሆነ አስተርጉሙት፤ ግን በእሱ ብቻ አትተማመኑ፤ እዚህ ያለ ሐኪም አዲስ ደብዳቤ ይጻፍላችሁ።

3. የስቴቱ ቮኬሽናል ሪሃቢሊቴሽን ቢሮ

ጊዜያችሁን ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ አውሉት። በ1973ቱ የሪሃቢሊቴሽን ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ስቴት አካል ጉዳተኞችን ለሥራ የሚያበቃ ቢሮ አለው። በቨርጂኒያ ዳርስ ይባላል፤ ለዓይነ ስውራንና የማየት ችግር ላለባቸው ደግሞ ለብቻው የተቋቋመ ዲቢቪአይ የሚባል መሥሪያ ቤት አለ። በሜሪላንድ ዶርስ፣ በዲሲ አርኤስኤ ነው። ቢሮው እንደየሰው ዕቅድ የኮሌጅ ወይም የሙያ ትምህርት ክፍያ፣ መጽሐፍ፣ ትራንስፖርት፣ ኮምፒውተር፣ ስክሪን የሚያነብ ሶፍትዌር፣ የመስሚያ መሣሪያ፣ ለፀጉር ሥራ ወይም ለመካኒክነት የሚያስፈልግ የሙያ ዕቃ ሊከፍል ይችላል። እንዲህ ያለ ድጋፍ ለአራት ዓመት ሲደመር የትኛው የድርሰት ውድድር ይደርስበታል?

ብቁነቱ ሦስት ነገር ነው፦ ጉዳት መኖሩ፣ ጉዳቱ ለሥራ እንቅፋት መሆኑ፣ ሥራ ለማግኘት ወይም ለመያዝ የቢሮው አገልግሎት የሚያስፈልገው መሆኑ። በአካል ጉዳቱ ምክንያት ኤስኤስአይ ወይም ኤስኤስዲአይ (በሶሻል ሴኩሪቲ ግብር የሚገኝ የአካል ጉዳት ክፍያ) የሚያገኝ ሰው ሊሠራ እስከፈለገ ድረስ ብቁ ተደርጎ ይወሰዳል። ግን ኤስኤስአይ የግድ አይደለም። ይህን አጥብቄ የምለው በዲቪ የመጡ ቤተሰቦች ብዙውን ጊዜ "ኤስኤስአይ ተከልክለናልና ሌላውም አይፈቀድልንም" ብለው ስለሚቀሩ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ሕጎች ናቸው። የሥራ ፈቃድ ያለው፣ በስቴቱ የሚኖር ሰው ማመልከት ይችላል፤ ይህን ያህል ዓመት መኖር አለብህ አይባልም።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ታመለክታላችሁ፤ ቢሮው በ60 ቀን ውስጥ ብቁነቱን ይወስናል። ከዚያ በ90 ቀን ውስጥ ከካውንስለሩ ጋር አይፒኢ የሚባለው የሥራ ዕቅድ ይዘጋጃል። ገንዘቡ የሚወጣው በዚህ ዕቅድ ላይ በተጻፈው መሠረት ብቻ ነው። ስለዚህ ዕቅዱ ሳይፈረም ለትምህርት አትክፈሉ። የማውቀው አንድ ቤተሰብ የዕቁብ ዕጣውን ተቀብሎ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ከፈለ፤ "ኋላ ይመልሱልናል" ብለው ነበር። ዕቅዱ የተፈረመው ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ስለነበረ አንድ ዶላር አልተመለሰላቸውም።

ዕቅዱ ላይ የሚጻፈው የሥራ ግብ ነው ሁሉን የሚወስነው። "ኮሌጅ መማር እፈልጋለሁ" ግብ አይደለም። "የሕክምና መረጃ ቴክኒሻን"፣ "የሒሳብ ሠራተኛ"፣ "የመኪና መካኒክ" ግብ ነው። ልጁ ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት ሙያውን ይምረጥ፣ ሥራው በአካባቢው መኖሩን ያጣራ፣ ትምህርቱ ለምን እንደሚያስፈልገው በሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር ይልመድ። ካውንስለሩ ወዲያው የሚገኝ ዝቅተኛ ሥራ ቢያቀርብ ልጁ እሺ የማለት ግዴታ የለበትም፤ ሕጉ አማራጩን አውቆ የመምረጥ መብት ሰጥቶታል። በእኛ ባህል ቢሮ ውስጥ የተቀመጠን ሰው መቃወም እንደ ነውር ይቆጠራል። እዚህ ግን በትሕትና "ለምን?" ብሎ መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መጠየቅ የተለመደ ነው።

ቢሮው መጀመሪያ ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ሙሉ ይላችኋል፤ ልክ ነው፤ ሌላ የሚገኝ እርዳታ ካለ ቀድሞ ይታሰባል። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። የትምህርት ብድር ውሰዱ ሊላችሁ አይችልም። ልጁ በውጤቱ ወይም በችሎታው ያሸነፈውን ስኮላርሺፕም "ይኸው ገንዘብ አለህ" ብሎ እንዲቀንስበት ሕጉ አያስገድደውም።

አንዳንድ ስቴት ገንዘብ ሲያጥረው ወረፋ ያወጣል፤ ጉዳቱ የከበደ ይቀድማል። ስለዚህ 12ኛ ክፍል እስኪጨርስ አትጠብቁ። ተማሪ እያሉ የሚሰጥ ፕሪ ኢቲኤስ የሚባል የሥራ ዝግጅት አገልግሎት አለ፤ በብዙ ስቴት ከ14 ዓመት ይጀምራል። ወረፋ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እሱን የጀመረ ተማሪ ወረፋ እየጠበቀም ቢሆን አገልግሎቱን ማግኘቱን ይቀጥላል።

እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ አስተርጓሚ በነጻ ጠይቁ። ዲሲ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛ የመንግሥት ቢሮዎች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ ስለ ራሱ የሚናገርበት ቀጠሮ ነው።

4. ፋፍሳ

ፋፍሳ በየዓመቱ የሚሞላ የፌዴራል እርዳታ ማመልከቻ ነው፤ በነጻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ኦክቶበር 1 አካባቢ ይከፈታል። ዜጎች፣ ግሪን ካርድ ያላቸው፣ ስደተኝነታቸው የጸደቀና ጥገኝነት የተፈቀደላቸው ይሞላሉ፤ በቲፒኤስ (ጊዜያዊ የጥበቃ ፈቃድ) ብቻ ያለ ተማሪ የፌዴራል እርዳታ አያገኝም፤ እሱ ወደ ስቴትና ወደ ግል ስኮላርሺፕ ይሂድ። የማይመለሰው ገንዘብ ፔል ግራንት ሲሆን ለ2025–26 ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው።

የእኛ ሰው የሚሰናከለው በስምና በቀን ነው። የተማሪው ስምና የልደት ቀን ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር አንድ ካልሆነ ሲስተሙ ይመልሰዋል። የአባት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ገብቶ፣ የአያት ስም ተጨምሮ ወይም የልደት ቀኑ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲገለበጥ ተሳስቶ እንደሆነ አስቀድማችሁ ካርዱን አይታችሁ እንደዚያው ጻፉ። የእናትና የልጅ የመጨረሻ ስም መለያየቱ ችግር የለውም። ወላጅ የራሱን የፋፍሳ አካውንት ከፍቶ የታክስ መረጃው እንዲወሰድ መስማማት አለበት፤ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅም አካውንት መክፈት ይችላል። ታክስ ያላስገባ ወላጅ እንኳ ስምምነቱን ካልሰጠ ልጁ የፌዴራል እርዳታ አያገኝም።

ጥቂት ሰው የሚያውቀው ነገር ደግሞ አለ። ኮሌጁ የትምህርቱን ጠቅላላ ወጪ ሲያሰላ በአካል ጉዳቱ ምክንያት የሚመጣ ተጨማሪ ወጪ፣ ማለትም ልዩ ትራንስፖርት፣ መሣሪያ፣ የግል ረዳት፣ እንዲካተት ሕጉ ይፈቅዳል፤ ሌላ አካል የማይከፍለው ከሆነ። ይህ ሲሆን የሚሰጠው እርዳታ ጣሪያ ከፍ ሊል ይችላል። የገንዘብ እርዳታ ቢሮውን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ደረሰኝ አያይዙ። አባወራው ሥራ ካጣ ወይም ገቢው ከቀነሰም እንዲሁ አስታውቁ፤ ፎርሙ የሚያየው የቆየ ዓመት ታክስ ነው።

የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለበት ልጅ ቅድም ያልኩት ልዩ መንገድ ይህ ነው፦ በ2008 የወጣ ሕግ መደበኛ ዲፕሎማ የሌላቸው እነዚህ ተማሪዎች በጸደቀ የኮሌጅ ፕሮግራም ውስጥ ሆነው ፔል ግራንት እንዲያገኙ ፈቅዷል። ሲቲፒ ይባላል። ቲንክ ኮሌጅ በሚባለው ድረ ገጽ በስቴት መፈለግ ይቻላል፤ በቨርጂኒያ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ሜሰን ላይፍ የተባለ ፕሮግራም አለው። "የእኔ ልጅ ኮሌጅ አይገባም" ብላችሁ የወሰናችሁ ወላጆች እባካችሁ አንዴ ሄዳችሁ ጎብኙት።

5. ኤስኤስአይ እንዳይቋረጥ

ኤስኤስአይ የሚያገኝ ልጅ በስሙ ከ2,000 ዶላር በላይ ካለው ክፍያው ይቆማል። የእኛ ማኅበረሰብ ደግ ነው፤ ልጁ ኮሌጅ ገባ ሲባል ቤተ ክርስቲያን ላይ ገንዘብ ይዋጣል፣ ይሰበሰብና በልጁ የባንክ አካውንት ይገባል፤ በሚቀጥለው ወር ክፍያው ይቆማል። ይህን አይቻለሁ። መዋጮው ኤብል በሚባለው፣ ለአካል ጉዳተኞች በተፈቀደው የቁጠባ አካውንት ይግባ፤ በዚህ አካውንት እስከ 100,000 ዶላር ለኤስኤስአይ አይቆጠርም። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ጉዳቱ ከ46 ዓመት በፊት የጀመረ ሰው ሁሉ ሊከፍተው ይችላል።

ፔል ግራንትና የመሳሰለው የፌዴራል የትምህርት እርዳታ እንደ ገቢም እንደ ሀብትም አይቆጠርም። የግል ስኮላርሺፕ ለትምህርት ክፍያና ለመጽሐፍ ከዋለ ገቢ አይባልም፤ ለዚሁ የተቀመጠውም ለ9 ወር ከሀብት አይደመርም። ለሌላ ወጪ የዋለው ይቆጠራል፤ ደረሰኝ ያዙ። ከ22 ዓመት በታች ያለ ተማሪ ሲሠራ ደግሞ ገቢው በከፊል አይታይበትም፤ በ2025 በወር እስከ 2,350፣ በዓመት እስከ 9,460 ዶላር ነበር።

ልጁ 18 ሲሞላው ጉዳዩ በአዋቂ መለኪያ እንደገና ይመረመራል። በዚያ ጊዜ "አካል ጉዳተኛ አይደለህም" ቢባል እንኳ አስቀድሞ በቮኬሽናል ሪሃቢሊቴሽን ዕቅድ ውስጥ ከነበረ ክፍያው ሊቀጥልለት የሚችልበት ደንብ አለ። የቮኬሽናል ሪሃቢሊቴሽኑን ክፍል ያስቀደምኩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

6. የግል ስኮላርሺፕ

አሁን ወደ ዝርዝሩ። ከሃምሳው ውስጥ ለልጃችሁ የጉዳት ዓይነት የተለዩትን አምስት ወይም ስድስት መርጣችሁ በደንብ ሙሉ። ለዓይነ ስውራን ናሽናል ፌዴሬሽን ኦፍ ዘ ብላይንድ በየዓመቱ 30 ስኮላርሺፕ ይሰጣል፤ በቅርብ ዓመታት እያንዳንዳቸው 8,000 ዶላር ሲሆኑ ማመልከቻው ማርች 31 ይዘጋል። አሜሪካን ካውንስል ኦፍ ዘ ብላይንድም የራሱ አለው። ለመማር ችግርና ለኤዲኤችዲ የመማር ችግሮች ብሔራዊ ማዕከል በፎርድ ቤተሰብ ስም ሁለት ስኮላርሺፕ ይሰጣል፤ አንደኛው ለኮሚኒቲ ኮሌጅና ለሙያ ትምህርት ነው። ኦቲዝም ላለባቸው ኦርጋናይዜሽን ፎር ኦቲዝም ሪሰርች፣ ዳውን ሲንድሮም ላለባቸው ሩቢስ ሬይንቦው አሉ። መስማት ለተሳናቸው በ1864 የተመሠረተው የዲሲው ጋላዴት ዩኒቨርሲቲና በሮቸስተር ያለው ብሔራዊ የቴክኒክ ተቋም በፌዴራል ገንዘብ የሚደገፉ ናቸው።

ስቴታችሁንም ፈትሹ። በሜሪላንድ ኤስኤስአይ ወይም ኤስኤስዲአይ የሚያገኝ ነዋሪ በኮሚኒቲ ኮሌጅ የትምህርት ክፍያው ሊነሣለት ይችላል፤ ፋፍሳ መሙላት አለበት፤ ልዩ ልዩ ተጨማሪ ክፍያዎች ግን ይቀራሉ። ቴክሳስ ዓይነ ስውራንንና መስማት የተሳናቸውን ከመንግሥት ኮሌጅ ክፍያ ነጻ ያደርጋል።

ድርሰቱ ላይ ልጆቻችን ስለ እናታቸው ልፋት መጻፍ ይወዳሉ። ውብ ነው፤ ግን ዳኛው ማወቅ የሚፈልገው ስለ ልጁ ነው። አንድ ቀን፣ አንድ ችግር፣ ልጁ ያደረገውን አንድ ነገር ይጻፍ። አውቶቡስ ዊልቼሩን ሳይጭን አልፎ ሲሄድ ምን አደረገ? መምህሩ ሰሌዳ ላይ ብቻ ሲጽፍ ምን አለ? እንባ የሚያስመጣ ታሪክ አይጠበቅበትም።

ክፍያ የሚጠይቅ ስኮላርሺፕ ሌባ ነው። ሲያሸንፍ ደግሞ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ አንደኛ፣ ኮሌጁ በዚህ ምክንያት የራሱን እርዳታ ይቀንሳል ወይ? ሜሪላንድ በ2017 ይህን ለመንግሥት ኮሌጆች በሕግ ገድባለች፤ ሌላ ቦታ ግን መደራደር አለ። ሁለተኛ፣ ስኮላርሺፑ ሙሉ ጊዜ መማርን ያስገድዳል ወይ? በጉዳቱ ምክንያት ያነሰ ክሬዲት ለሚወስድ ልጅ ይህ ከኮሌጁ የአካል ጉዳተኞች ቢሮ በሚጻፍ ደብዳቤ ሊስተካከል ይችላል፤ ግን መጠየቅ ያለበት ከመፈረሙ በፊት ነው።

7. ሙያ ለሚመርጥ

በቨርጂኒያ ፊሸርስቪል ያለው የዊልሰን ማዕከልና በባልቲሞር ያለው የሜሪላንድ ዎርክፎርስ ኤንድ ቴክኖሎጂ ማዕከል የስቴቶቹ የራሳቸው የሥልጠና ቦታዎች ናቸው፤ የሚገባውም በቮኬሽናል ሪሃቢሊቴሽን ካውንስለር በኩል ነው። ለግል ሙያ ትምህርት ቤት ከመፈረማችሁ በፊት ፋፍሳ ይቀበል እንደሆነና ተመራቂው የስቴቱን ፈቃድ ፈተና ለመውሰድ ብቁ ይሆን እንደሆነ አጣሩ። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ከ8 እስከ 15 ሳምንት ለሚወስዱ፣ መስፈርቱን ላሟሉ አጫጭር ሥልጠናዎችም ፔል ግራንት በሕግ ተፈቅዷል።

8. ሲከለከሉ

የቮኬሽናል ሪሃቢሊቴሽን ቢሮ ከከለከላችሁ በየስቴቱ ክላየንት አሲስታንስ ፕሮግራም የሚባል አለ፤ ከቢሮው ጋር ሳትስማሙ ስትቀሩ በነጻ ይቆምላችኋል። ስልኩ በእምቢታው ደብዳቤ ላይ መጻፍ አለበት። ኤስኤስአይ ላይ ይግባኝ ለማለት 60 ቀን አላችሁ፤ ልጁ ሲቀበል የነበረው ክፍያ እየተከፈለ ክርክሩ እንዲቀጥል ከፈለጋችሁ ግን የ10 ቀን ገደብ ነው ያለው። ብዙ ሰው ደብዳቤውን "የሚያነብልኝ ሰው ሳገኝ" ብሎ ማቀዝቀዣው ላይ ይለጥፈዋል። ከፖስታ ሳጥኑ ባወጣችሁበት ቀን ክፈቱት፣ ላዩ ላይ ያለውን ቀን በእስክሪብቶ አክብቡት፣ የዚያኑ ምሽት ለሚያነብላችሁ ሰው በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩ።